እማዬ ያልደረበችው ኪልት

ሰኞ፣ ጁን 12፣ ከሰዓት

ቆረጣ ላይ ነኝ። ወገቤ ሊበጠስ ነው። ጠረጴዛው የምግብ ጠረጴዛ ነው፤ ተቀምጦ ሽሮ ለመብላት እንጂ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ጨርቅ ለመቁረጥ አልተሠራም።

ቀይ በቂ ነው። ሰማያዊ ከበቂ በላይ። አረንጓዴ የለም ማለት ይቻላል። ነጭ ሸማ እንደ ልብ፤ የአክስቴ የሮማን ሱቅ ነጭ ሲተፋ ነው የሚውለው። እሷ ታች የሐበሻ ቀሚስ እያሰፋች ትሸጣለች። እኔ ከሱቁ በላይ ባለችው ክፍል እኖራለሁ። ከመቀሷ የተረፈው እራፊ ሁሉ በከረጢት እየሆነ ወደ እኔ ይወጣል። ከረጢቶቹ አሁን ከአልጋዬ በልጠዋል። ወይ ጨርሺያቸው ወይ ለከሰል ማቀጣጠያ እሰጣቸዋለሁ ብላለች። ለከሰል! ያን ሁሉ ቀለም!

ጀምሬ ያልጨረስኩት፣ ራሴን ለማሳፈር ልጻፈው። ከሸሚዝ ኮሌታ ብቻ የሚሰፋ ትራስ፣ ግማሽ ላይ ቆሟል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ከካንጋ ጨርቅ የተሠራች ወፍ፣ አንድ ክንፍ ብቻ አላት። የሮማን ማሽን ልብስ፣ ልኩ ጠቦ ማሽኑ አልገባበትም። ሁሉም ወደ ጎን። ከዛሬ ጀምሮ አንድ ሥራ ብቻ፤ የእማዬ ኪልት፣ ከቁርጥራጭ የሚሰፋው የአልጋ ልብስ።

እማዬ ትናንት ደወለች። የዓመት ፈቃዷን ወስዳ ከአዲስ አበባ ልትመጣ ነው። ዓርብ፣ 23። ለትምህርት ናይሮቢ ከመጣሁ ወዲህ መጥታ አታውቅም፤ ለምርቃቴ እንኳ ቲኬቱ ከብዷት ቀረች። ልጮህ ነበር በደስታ። ወዲያው ሌላውን አስከተለች። ጋሼ ታደሰ፣ የሟች አባቴ ጓደኛ፣ እሱ ባለበት ባንክ ቦታ ይዞልኛል። አዲስ አበባ። ቋሚ ሥራ፣ ከነጡረታው። እስከ ጁላይ አጋማሽ ይጠብቀኛል። መልሱን በስልክ አልሰማም አለች እማዬ፤ ፊትሽን እያየሁ ትነግሪኛለሽ።

ፊቴ ምን እንደሚላት እንጃ። በኮሜርስ ከተመረቅኩ ስንት ወር፤ ሲቪዬ ያልደረሰበት የናይሮቢ ቢሮ የለም፤ ሥራ ግን የለም። ቢሆንም አልሄድም። እዚህ ነው መሆን የምፈልገው። ለምን ብትዪኝ፣ ደብተሬ፣ አጥርቼ መናገር አልችልም። ለዚህ ነው የምሰፋው። አልጋዋ ላይ አነጥፈዋለሁ፣ ታየዋለች፣ ይገባታል። በቃ፣ ዕቅዴ ይኸው ነው።

ጾም ዛሬ ገባ። ሮማን ከታች እየተጣራች ነው።


ረቡዕ፣ ጁን 14

ዌስትላንድስ ደርሼ መጣሁ። ቃለ መጠይቅ፣ አንድ የእርዳታ ድርጅት፣ የሒሳብ ረዳትነት። ጠያቂዎቹ ሦስት፣ ጥያቄያቸው አንድ። የሥራ ፐርሚት አለሽ? ፐርሚቱ የሚወጣው ሥራ ስትሰጡኝ ነው አልኳቸው። ሥራው የሚሰጠው ፐርሚት ሲኖርሽ ነው አሉኝ። ተሳሳቅን። እንደውልልሻለን አሉ።

ስመለስ የተሳፈርኩበት ማታቱ፣ ሚኒባሱ፣ አደባባዩ ላይ ቆመ። ቆመ። አሁንም ቆመ። ኮንዳው፣ ረዳቱ፣ ወርዶ በአንድ ሱቅ መስኮት የዓለም ዋንጫ አይቶ መጣ፣ ማን እንዳገባ ነገረን፤ እኛ እዛው ነን።

ጫማዬን ሳላወልቅ ማሽኑ ላይ ተቀመጥኩ። ብሎኩ፣ እየተደጋገመ የሚገጣጠመው አንዱ ክፍል፣ እንዲህ ነው፤ መሃል ላይ ትንሽ ቀይ አራት ማዕዘን፣ ዙሪያዋን እንደ አጥር ቀጫጭን ቁራጭ፣ በሁለቱ ጎን ነጭ ሸማ፣ በሁለቱ ጎን ኪቴንጌ፣ የዚህ አገር ባለ ቀለም ጨርቅ። ሁሉም ሲደረደር ነጩ አልጋውን በሰያፍ እንደ መንገድ ያቋርጠዋል። ወረቀት ላይ ያምራል። ማሽን ላይ መከራ ነው። ሸማው ስስ ነው፣ ይለጠጣል፣ ከማሽኑ እግር ሥር ይሸበሸባል። ኪቴንጌው ስታርቹን ይዞ ድርቅ ብሎ ይቆማል። ሁለቱን ማጋጠም የተኮራረፉ ጎረቤቶችን እጅ ለእጅ እንደ ማያያዝ ነው። ሦስት ብሎክ ሰፋሁ፣ ሁለቱን ፈታሁ።

ከሮማን ጋር ተጣላን። ከመሳቢያዋ የጥበብ ቁራጭ ወስጄ ነበር። እሱ ለካ ትራፊ አይደለም፤ የደንበኛ ቀሚስ ሲቀደድ መጠገኛ ብላ የምታስቀምጠው ነው። መቀስ ስትይዢ ዓይንሽ አያይም አለችኝ። ይቅርታ አልኩ። ልመልሰው አልችልም፣ ቆራርጬዋለሁ። አየችው፣ ወረደች። ትንሽ ቆይታ ሌላ የጥበብ ቁራጭ ይዛ መጣች። ለእናትሽ ስለሆነ ነው አለች። ሌላ ጊዜ ግን እጅሽን ነው የምቆርጠው።


ቅዳሜ፣ ጁን 17

ዌስትላንድስ፣ የቅዳሜ ቡድን። ይሄ ቀን ባይኖር በሳምንት ስድስቱን ቀን አልችላቸውም ነበር።

አስተማሪያችን ማማ ንጄሪ ናት፤ ጡረታ የወጣች መምህርት፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ኪልት ታሰፋናለች። ኬንያውያን አሉ፣ ሕንዶች አሉ፣ ፈረንጆች አሉ። ሐበሻ እኔ ብቻ። ስሜን መጥራት አይሆንላትም፣ ማሌት ነው የምትለኝ። የሠራሽውን ስታሳዪያት መጀመሪያ ገልብጣ ጀርባውን ነው የምታየው። ሰው ፊቱን ለእንግዳ ያሳምራል፣ እኔ ግን እንግዳ አይደለሁም ትላለች። የኔን ገለበጠች። አየች። መነጽሯን አወለቀች። ፖሌ ፖሌ ማሌት አለች፣ ቀስ በይ ማለቷ ነው፣ ክሩ ከመወጠሩ የተነሳ ትንፋሽ አጥሮታል። ከዛ፣ ይሄ ይሰቀላል አለች።

በየዓመቱ ሥራችንን አዳራሹ ውስጥ እንሰቅላለን፣ ሰው መጥቶ ያያል። ዘንድሮ ጁላይ 8። እማዬ እዚህ ናት! ያን ቀን እዚህ ናት!

ከሰዓቱን በሙሉ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ዋልኩ። ታች ገበሩ፣ መሃል ጥጡ፣ ላይ የተሰፋው፤ ሦስቱን አስተካክሎ በመርፌ ቁልፍ መያዝ። ጉልበቴ አልቋል። አንዲት ሕንዳዊት እናት ከጎኔ አብራኝ ተንበረከከች፣ ሳልጠይቃት። እዚህ ሥራ አገኘሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ምን እየሰፋሽ ነው ብቻ ነው የሚሉኝ።


ማክሰኞ፣ ጁን 20

ውሃ ከትናንት ጀምሮ የለም። መብራት ይሄዳል ይመጣል። ማሽኑ መሃል ላይ ቀጥ ሲል በእጅ እቀጥላለሁ። የጣቴ ጫፍ ወንፊት ሆኗል፤ ነጩ ላይ ደም አስነክቼ በምራቄ አስለቀቅኩት። ይሄን ለማንም አትናገሪ።

ከኢምባካሲ ተደወለ። ኤርፖርቱ አጠገብ ያለ የካርጎ ድርጅት። ነገ ብቅ በይ አሉ። ሥራው ምንድን ነው? መጋዘን የሚገባ የሚወጣውን ዕቃ ኮምፒዩተር ላይ መመዝገብ። ለዚህ ነው ዲግሪ? ግን ፐርሚት አለሽ ወይ አላሉኝም። እሱን እኛ እንጨርሳለን አሉ።

ደክሞኛል። ጠርዙ ቀርቷል። ዓርብ ደረሰ።


ዓርብ፣ ጁን 23፣ ማታ

መጣች። አጥራለች ወይስ እኔ ነኝ የረዘምኩት? ኤርፖርት ላይ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ፣ ከሳሽ አለች። ታክሲ ውስጥ እጄን አለቀቀችም። ስለ ባንኩ ምንም አላነሳችም። መንገዱን፣ ሕንፃውን፣ የሰፈራችንን የኢስትሊን ጭቃ አየች። ሮማን በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ ሁለቱ እህትማማቾች ተቃቅፈው የት ላስቀምጣቸው።

ከዛ ክፍሌ።

አልጋው ተነጥፏል። ኪልቱ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ፣ ነጩ መንገድ በሰያፍ፣ ቀያዮቹ እንደ መስኮት መብራት። በካውያ ተኩሼዋለሁ። ከረጢቶቹን ሁሉ መጋረጃ ኋላ ደብቄያለሁ። በሩ ጋ ቆሜ ፊቷን አያለሁ።

ይሄ ምንድን ነው አለችኝ። እኔ ነኝ የሰፋሁት አልኳት፣ ላንቺ ነው፣ ከሮማን ሱቅ ትራፊ ነው፣ እያንዳንዱን ቁራጭ። ጥሩ ነው አለች። ልፋት ነው። እና ቦርሳዋን አልጋው ላይ ሳይሆን ወንበር ላይ አስቀመጠች።

በእጇ አልነካችውም። ደክሟት ነው።


ቅዳሜ፣ ጁን 24፣ ጠዋት

እሷ አልጋዬ ላይ፣ እኔ መሬት ፍራሽ ላይ ተኛን። ስነቃ ኪልቱ አራት ላይ ታጥፎ ወንበር ላይ ነው። እማዬ ለኔ ብላ ያመጣችውን ጋቢ ደርባ፣ ከላይ ካፖርቷን ጥላ ተኝታለች። ምነው ስላት ሞቆኝ ነው አለች።

ሞቆኝ! ናይሮቢ፣ በጁን! የኔ አፍንጫ በረዶ ሆኗል።

የቅዳሜ ቡድን ቀረሁ። ገበያ ይዣት ወጣሁ። ኪቴንጌ ገዛሁላት፣ ሙሉውን፣ ያልተቆረጠ። እሱን ደረቷ ላይ አድርጋ በመስታወት አየችው፣ ሳቀች።


እሁድ፣ ጁን 25

ልጻፈው ወይስ ልተወው። ልጻፈው።

ከቅዳሴ በኋላ ሰዎች እማዬን እንኳን ደህና መጣሽ ሊሉ መጡ። ወ/ሮ አስካለም መጣች፤ ምግብ ቤት አላት፣ ከቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ድምጿ ከሁሉም ይሰማል። ክፍሉ ሞላ። አልጋው ላይ ተቀመጡ። ወንበሩን ሳየው ኪልቱ የለም። ፈለግኩ። አልጋ ሥር፣ ከሻንጣዋ ኋላ ተወሽቋል። ወድቆ ነው ብዬ አሰብኩ። እውነቴን ነው፣ ወድቆ ነው ያልኩት። ጎትቼ አወጣሁት፣ አራገፍኩት፣ ሰው ሁሉ ፊት ዘረጋሁት። ለእማዬ የሰፋሁላት ነው አልኩ።

ወ/ሮ አስካለ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

“ውይ አበባዬ! ምነው? ልጅሽ ዲግሪ ይዛ ድሪቶ ትደርት ጀመር?”

ሳቁ። ክፉ ሳቅ አይደለም። አንዷ፣ ኧረ ፋሽን ነው ትልሻለች ዝም በይ አለች። ወ/ሮ አስካለ ጠርዙን በሁለት ጣቷ ያዝ አድርጋ፣ “ናይሮቢ ብርድ ልብስ ጠፋ እንዴ የኔ እናት? እኔ እያለሁማ! ነገ እልክልሻለሁ” አለች።

እማዬም ሳቀች። በከንፈሯ ብቻ። አንገቷ ላይ ያለው ሥር ሲዘል አየሁት።

ድሪቶ። ቃሉን አውቀዋለሁ። ነገሩን ግን አይቼው አላውቅም። ሰፍቼ ሰፍቼ አንድ ቀን እንኳ በአእምሮዬ አላለፈም። ማማ ንጄሪ ጋ ኪልት ነው፣ አዳራሹ ውስጥ ኪልት ነው፣ ክፍሌ ውስጥ ኪልት ነው። ሐበሻ የሞላበት ክፍል ውስጥ ስዘረጋው ምን እንደሚሆን እንዴት አላየሁም?


ማክሰኞ፣ ጁን 27

ብርድ ልብሱ ትናንት መጣ። ነብር አለበት፣ አፉን የከፈተ። እማዬ አመስግና ተቀበለች፣ ደርባው አደረች። ሞቆኝ ነው አላለችም።

ዛሬ ሮማን ሱቅ ስትወርድ በሩን ዘጋችና ነገረችኝ። እንዲህ ቁጭ ብላ ስለ ልጅነቷ ነግራኝ አታውቅም።

አያቴ ዘበኛ ነበር። ቤቱ አንድ ክፍል፣ ልጁ ብዙ፣ የሚለበሰው አንድ ድሪቶ። የእሷ የት/ቤት ቀሚስ ደረቱ አበባ ያለበት፣ ጀርባው ካኪ፣ እጅጌው የአባቷ ካፖርት ገበር። ልጆቹ በስሟ አበባ ብለው አይጠሯትም። ድሪቶ ነው የሚሏት። አስተማሪው እንኳ አንድ ቀን ተሳስቶ በዛ ስም ጠራት፣ ክፍሉ አውካካ። ተማረች። ታይፒስት ሆነች። በመጀመሪያው ደሞዟ ጫማና ቀሚስ ገዝታ ለብሳ መርካቶ ስትሄድ፣ አንዲት የድሮ የሰፈር ልጅ ከሩቅ አየቻትና ጮኸች፤ “ድሪቶ!” በፍቅር ነው የጠራቻት። ናፍቃት ነው። እማዬ ዞር ሳትል ሄደች።

ከዛ ወዲህ ያቺን ልጅ አይታት አታውቅም። እስከ ዛሬ ታሳዝነኛለች አለች። ግን አልዞርኩም።

ለዚህ ነው ለካ በየበዓሉ ለኔ አዲስ ልብስ። ሰልባጅ ቤታችን ገብቶ አያውቅም። የአጎቴ ልጆች የጠበባቸውን ሲልኩ ተቀብላ ለሌላ ትሰጣለች። እኔ ኩራት ይመስለኝ ነበር።

ይቅርታ አልኩ። አንቺ ምን አደረግሽ አለች። አታውቂው። እንዳታውቂው ነው የለፋሁት።


ሐሙስ፣ ጁን 29

ኢሜይል ከፈትኩ። የእርዳታ ድርጅቱ፤ ስላመለከቱ እናመሰግናለን ምናምን። ኢምባካሲ ግን ወስዶኛል። ሦስት ወር ኮንትራት፣ የከሰዓት ፈረቃ። ጁላይ 17 እጀምራለሁ ወይም አልጀምርም። ለእማዬ አልነገርኩም። እሷ ጋሼ ታደሰ ጋ ደውላ፣ ልጅቷ እያሰበችበት ነው ብላዋለች። የባንኩን የደንብ ልብስ ቀለም ሳይቀር ነገረችኝ።

የመጣኝን ሐሳብ ልንገርሽ። መፍታት። ኪልቱን ከጥግ ጀምሬ መፍታት፣ ቁራጩን ወደ ከረጢት፣ ከረጢቱን ወደ ከሰል። እማዬ ገላዋን እየታጠበች ሳለ ጀመርኩ። አንድ ጎን ጠርዙን አስለቀቅኩ። እጄ ከበደኝ። ከመስፋት ይልቅ መፍታት እንዲህ ያደክማል እንዴ?

ሮማን ገባች። የስፌት መፍቻውን ከእጄ ወሰደች። እማዬ የነገረችኝን ነገርኳት። አውቃለሁ አለች፣ ያው አንድ ድሪቶ ሥር ነው ያደግነው።

“ታዲያ አንቺን ለምን አይከፋሽም?” አልኳት።

“እኔ ትንሿ ነበርኩ፣ መሃል ነው የምተኛው። ሙቀቱን ነው የማስታውሰው።” መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። “እሷ ዳር ነበረች።”

ወረደች። ደንበኛ እየጠበቃት ነበር። ጠርዙን መልሼ ሰፋሁት።


ማክሰኞ፣ ጁላይ 4

ምንም። ሦስታችንም ጨዋ ሆነናል። እባክሽ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ጨው አቀብዪኝ። ኪልቱ ተጠቅልሎ ከመጋረጃው ኋላ ነው። ነብሩ አልጋው ላይ ነው።

የኮሌታውን ትራስ አነሳሁ፣ አንድ ኮሌታ ሰፋሁ፣ አስቀመጥኩት። እማዬ ከአልጋው ላይ እጄን ስታይ ያዝኳት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ለቅዳሜ ልጋብዛት ወይስ አልጋብዛት? ለማማ ንጄሪ ታሞ ነው ብል? ኪልት አይታመም።


ቅዳሜ፣ ጁላይ 8

አብራኝ ሄደች! ራሷ ነች ያለችው። ጠዋት ኪልቱን በአንሶላ ጠቅልዬ ልወጣ ስል፣ ነጠላዋን ለብሳ ተነሳች፤ የምትሄጂበትን ልየው አለች። ሮማን ሱቁን ዘግታ ተከተለችን። የሮማንን ሱቅ ቅዳሜ ተዘግቶ ያየ ሰው የለም።

አዳራሹ ጣሪያው ረጅም ነው፣ ብርሃን ከላይ ይወርዳል። የኔን መሃል ላይ ሰቅለውታል። አልጋ ላይ ያላየሁትን እዛ አየሁ፤ ነጩ መንገድ ከታች ጥግ ተነስቶ እስከ ላይ ይወጣል፣ ጥበቡ በየመሃሉ ብልጭ ይላል። ሰው እየመጣ ይቆማል። ፈረንጆቹ ካሜራ አወጡ። ማማ ንጄሪ የእማዬን ሁለት እጅ ይዛ አልለቅም አለች፤ የማሌት እናት፣ የማሌት እናት እያለች፣ በእንግሊዝኛ፣ ቀስ እያለች እንዲገባት። እማዬ ሳንኪው፣ ሳንኪው። ከዛ ማማ ንጄሪ ጠርዙን ገልጣ ጀርባውን አሳየቻት። ለእንግዳ የማታሳየውን።

እማዬ ፊት ለፊቱ ቆመች። ረጅም ጊዜ። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ። እኔ ከኋላ ሆኜ ጀርባዋን አያለሁ፣ እጸልያለሁ፣ በቃ ገባት እላለሁ፣ በቃ።

ማታቱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሙዚቃው መስኮቱን ያንቀጠቅጠዋል። እንዴት አየሽው አልኩ፣ አልቻልኩም።

“ያምራል” አለች። ደስ ሊለኝ ሲል፣ “እነሱ ለብሰውት አላደጉማ።”

ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መለሰች።

“ግድግዳ ላይ ነው የሰቀሉት፣ ማሂ። ግድግዳ አይበርደውም።”

እስከ ኢስትሊ ድረስ ተናድጄ ነበር፣ ከዛ መናደዱም ደከመኝ። ልክ ናት። እኔስ ልክ አይደለሁም?


እሁድ፣ ጁላይ 9

ሰፈሩ ሁሉ ለዋንጫው ቲቪ ላይ ተጥዷል። ፎቁ ይጮኻል። እኛ ክፍል ጸጥታ ነው። አልሰፋሁም።


ሐሙስ፣ ጁላይ 13

ጾም ተፈታ። ሮማን ዶሮ ሠርታለች። በልተን ሳንጨርስ ተናገርኩ፤ ከቆየ ድፍረቴ ያልቃል።

“እማዬ፣ አልመጣም።”

ጉርሻዋን አስቀመጠች። ደነገጠች አልልሽም፤ ፊቴን እያየችኝ ነበር፣ ቀድሞ ነግሯታል። ስለ ኢምባካሲ ነገርኳት። መጋዘኑን፣ ኮንትራቱን፣ ፐርሚቱን። ለዛ ነው ያስተማርኩሽ አለች። ለጊዜው ነው አልኩ። ሁሉም ለጊዜው ነው ይላል አለች። ሮማን ሳህን ልታነሳ ብድግ አለች፣ ተቀመጪ ተባለች፣ ተቀመጠች።

“ለጨርቁ ነው?” አለችኝ።

አይደለም አልኩ። ቆይቼ፣ ለጨርቁም ነው። ከዛ ያለ ዕቅድ የመጣውን አወጣሁት። እማዬ፣ አዲስ አበባ ብመጣ ባንኩ በር ላይ ስደርስ የጋሼ ታደሰ ልጅ ነው የምባለው፣ ያንቺ ልጅ፣ የሟቹ ልጅ። እዚህ ማን እንደሆንኩ የሚያውቅ የለም። ማን እንደሆንኩ የምነግራቸው እኔ ነኝ። ቢያስቅም፣ በእራፊም ቢሆን፣ እኔ ነኝ።

መርካቶ ውስጥ ሲጠሯት ሳትዞር የሄደችው ልጅ ፊቴ ተቀምጣ ነበር፤ እሱን ግን አልነገርኳትም። የምታውቀውን ምን እነግራታለሁ?

በመጨረሻ ወደ ሮማን ዞረች። እኔን አይደለም የጠየቀችው። ከኢምባካሲ ማታ መመለሻ አውቶቡስ አለ? የድርጅቱ መኪና ያመጣታል አለች ሮማን። እስከ በሩ? እስከ በሩ። ለታደሰ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ አለች እማዬ፣ ሰው ቦታ ይዞልን እምቢታ በስልክ አይነገርም። ጉርሻዋን አነሳች። ቀዝቅዟል አለች፣ በላችው።

ዕቃ ሳጥብ አንዱን ሳህን ሁለቴ አጠብኩት። ደስታ ነው? እንጃ። ለሳምንት ብተኛ።


ዓርብ፣ ጁላይ 14

ሄደች።

ጠዋት ሻንጣዋን ስትዘጋ ኪልቱን ከመጋረጃው ኋላ አውጥቼ ያዝኩት። አልዘረጋሁትም። ያዝኩት ብቻ። አየችኝ። ራሷን ነቀነቀች፤ አይሆንም። አዝና ነው እንጂ ተቆጥታ አይደለም። አዲስ አበባ ያለው አልጋዋ ላይ አይነጠፍም። ይሄን አሁን አውቄዋለሁ፣ እንደገና አልጠይቃትም።

ነብሩን አልወሰደችም። አጥፋ ትራሴ ላይ ትታልኛለች።

ኤርፖርት። ወረፋው ረጅም ነው። መግቢያው ጋ ስትደርስ ተመልሳ መጣች፣ ሰው እየገፋች፣ ፓስፖርቷን በጥርሷ ይዛ። የረሳችው ነገር ያለ መስሎኝ ነበር። የጃኬቴን ዚፕ እስከ አንገቴ ዘጋችው።

“ያንን ነገር ደርበሽ ተኚ” አለችኝ። “የዚህ አገር ጁላይ አጥንት ይገባል።”

ስሙን አልጠራችውም። ድሪቶም ኪልትም አላለችው። ያንን ነገር። ማልቀስ ጀመርኩ፣ እዛው፣ ዘበኛው እያየኝ።

“ስሚኝ ግን” አለች፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ። “ሰው ሲመጣ አንሺው። ነብሩን አንጥፊ።”

“እሺ እማዬ።”

ሄደች። ነጠላዋ እስኪጠፋ አየሁ።

አሁን ቤት ነኝ። አልጋው የኔ ሆኗል። ሰኞ ኢምባካሲ። ሮማን ከታች ጮኻ ነገረችኝ፤ ወ/ሮ አስካለ ደውላለች፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እማዬ በሰላም ገባች ወይ ልትል ትመጣለች፣ ሁለት ሦስት ሆነው። ክፍልሽን አስተካክዪ አለችኝ።

አስተካከልኩ። ነብሩን ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከታች፣ ከጫማዎቹ ጋር። ኪልቱን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ አነጠፍኩት፣ የተፈታውና የተሰፋው ጥግ በራስጌ በኩል። እሺ ብያታለሁ፣ አውቃለሁ። እሺ ነው ያልኳት።

አላነሳውም።